ደዌው ከሸሸ በኋላ

ሊቃውንተ ሕክምና ሉኪሚያ፣ ሕዝቡም የደም ካንሰር የሚለው ደዌ በአንድ ወጣት ላይ መገኘቱ በተሰማ ጊዜ ዘመድ አዝማዱ ሁሉ ወደ ሆስፒታል ይጎርፋል፤ ይሁን እንጂ የፈውሱን ጎዳና ከመነሻው እስከ ፍጻሜው ለመረመረ ሰው፣ የቤተ ሰብ ድጋፍ ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈልገው ጠያቂው ከቀረ፣ የልጁም መልክ ከተመለሰ በኋላ መሆኑ ግልጽ ነው።

የደዌው መነሻ በአጥንት ውስጥ የሚገኘው መቅኔ ነው። ደምን የሚያስገኘው ይህ መቅኔ ገና ያልበሰሉ ነጭ የደም ሕዋሳትን ያለ ልክ ማፍራት ሲጀምር ለሌሎቹ ስፍራ ይጠፋል፤ ቀይ ሕዋሳት ሲያንሱ ልጁ ይገረጣል፣ ይደክማል፤ ደም የሚያረጉት ሲጎድሉ ድዱና አፍንጫው ይደማል፤ ከተላላፊ በሽታ የሚከላከሉት ሲመነምኑም ትኩሳት ይመላለስበታል።

የቦስተኑ ሐኪም ሲድኒ ፋርበር በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1947 ደዌውን በመድኃኒት ለጥቂት ጊዜ ማራቅ እስከ ቻለ ድረስ፣ የተያዘ ሕፃን በጥቂት ወራት ውስጥ መሞቱ የማይቀር ነበር፤ ፋርበር ያራቀውም ደዌ ተመልሶ መጣ። በ1962 በሜምፊስ ከተማ የተከፈተውን የሴንት ጁድ ሆስፒታል የመራው ዶናልድ ፒንክል ግን፣ ደዌው በምርመራ በማይታይበት ጊዜም ተደብቆ እንደሚኖር አስተውሎ፣ ብዙ መድኃኒቶችን አጣምሮ ለዓመታት መስጠትን ሥርዐት አደረገ፤ በዚያም ዐሥርት መጨረሻ ከታከሙት ልጆች ግማሽ ያህሉ ለመዳን በቁ። ዛሬ በበለጸጉት አገሮች፣ በልጆች ላይ ከሁሉ ይልቅ በሚበዛው የዚህ ደዌ ዐይነት ከተያዙት 100 ልጆች 90 ያህሉ ይድናሉ።

የዚህ ፈውስ ዋጋ ትዕግሥት ነው። ደዌው ብዙውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከዓይን ቢሰወርም፣ ሕክምናው ሁለት ወይም ሦስት ዓመት ይፈጃል፤ ከዚህም የሚበዛው የሚያልፈው በቤት፣ መርካፕቶፑሪን የተባለውን ኪኒን በየቀኑ፣ ሜቶትሬክሴትን በየሳምንቱ በመዋጥ ነው። ጠጕሩ የበቀለለት፣ ወደ ትምህርት ቤቱ የተመለሰ፣ ከእኩዮቹ በምንም መለየትን የማይወድ ወጣት፣ ሕመም ሳይሰማው መድኃኒት መዋጥ ይሰለቸዋል። በ2012 በአሜሪካ የወጣ ጥናት እንዳመለከተው፣ 12 ዓመት የሞላቸው ልጆች ከታናናሾቻቸው ይልቅ ኪኒናቸውን ያቋርጣሉ፤ ከታዘዘላቸውም ከመቶ 95 እጅ በታች የወሰዱት፣ ይኸውም በወር ሁለት ቀን ያህል የሚዘልሉት፣ ደዌው የሚመለስባቸው ከሌሎቹ አብልጦ ነው።

እንግዲህ እናት ማታ ማታ ኪኒኑ መዋጡን በዓይኗ ማየቷ፣ አባት ሌሊት ትኩሳት የተነሣበትን ልጅ እስኪነጋ ሳይጠብቅ ወደ ሐኪም ማድረሱ፣ ታላቅ እኅትም የቀጠሮውን ቀን መያዟ፣ ከፍቅር ምልክትነት አልፎ ከመድኃኒቱ እኩል የሚቈጠር ሥራ ነው። ሆኖም ቁጥጥር ብቻውን ወጣቱን ወደ መሸሸግ ስለሚገፋው፣ ብልህ ወላጅ የኪኒኑን ምክንያት ያስረዳዋል፣ ኀላፊነቱንም ጥቂት በጥቂት ያስረክበዋል፣ ራሱ ግን ከአጠገቡ አይርቅም። ሐኪሙም ማዘዣውን ሲጽፍ ወጣቱንና ወላጆቹን በአንድነት አስቀምጦ ሊያስረዳቸው ይገባል፤ ከሆስፒታሉ በር ወዲያ ያለውን ሕክምና የሚፈጽሙት እነርሱ ናቸውና።