ሦስት ወንበር ስለ ነበረው ግንባር

ስለ ኦሮሞ የነፃነት ትግል ስንነጋገር ወዲያው ወደ አፋችን የሚመጣው የኦሮሞ ነፃነት ግንባር፣ ማለት ኦነግ ነው። ከጎኑ የነበረውን አነስተኛ ድርጅት፣ የኦሮሚያ እስላማዊ ነፃ አውጪ ግንባርን፣ የሚያስታውሰው ጥቂት ሰው ነው። ሆኖም ከከሚሴ ወይም ከባቲ ለመጣ ተማሪ ይህ ድርጅት ያነሣው ጥያቄ ከቤቱ ደጃፍ የቆመ ጥያቄ ነው።

በ1968 ዓ.ም. የወጣው የኦነግ ፕሮግራም የዘመኑን የግራ ትምህርት የተከተለ ነበር። ይህ አነጋገር ለተማሪ ይጥማል፤ ለሐረርጌ ገበሬና ሼህ ግን ባዕድ ነበር። በዚያ ላይ ከወለጋ የመጡ ክርስቲያን ምሁራን በአመራሩ በርከት ማለታቸው ጥርጣሬ አሳደረ። ሼህ ጃራ በሚል ስም የታወቁት አብዱልከሪም ኢብራሂም ሐሚድ እስላማዊውን ግንባር የመሩት ከዚህ ቅሬታ ተነሥተው ነው። ግንባሩ ነፃነትን ከኦነግ ባልተናነሰ ይሻ ነበር፤ ሃይማኖትን ግን የትግሉ ምሰሶ አደረገ። ወደ ቀኝ ያዘነበለ የምንለውም ስለዚህ ነው።

ኦነግ በበኩሉ መልሱን የሚሰጠው በሽኒጋ ታሪክ ነው። ሚያዝያ 1972 ዓ.ም. በኦጋዴን በረሃ የተያዙት መሪዎቹ፣ እስላሙ ከክርስቲያኑ ይለይ ቢባሉ እምቢ ብለው አብረው ተገደሉ ይባላል። ዛሬም ቀኑ የሰማዕታት ቀን ሆኖ ይታሰባል።

በከሚሴ ነገሩ ሌላ መልክ አለው። በቦርከና ሸለቆ ኦሮሞው ሁሉ ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ እስላም ስለ ሆነ፣ «ኦሮሞ ነኝ» እና «እስላም ነኝ» አንድ ቃል ሊመስል ይችላል። ወለጋ ወይም ሰላሌ ሲሄዱ ግን ሁለቱ ይለያያሉ። የእስላማዊው ግንባር ድካም እዚህ ላይ ይመስለኛል፤ አንድ አደርገዋለሁ ያለውን ሕዝብ ገና ከስሙ ይከፍለዋል። መሠረቱም ከሐረርጌ እምብዛም አልራቀም፤ ወሎ የእርሱ ምሽግ አልነበረም።

በ1983 ዓ.ም. የሽግግር መንግሥት ሲቋቋም ከ87ቱ የምክር ቤት ወንበሮች ለኦነግ 12፣ ለኦሕዴድ 10፣ ለእስላማዊው ግንባር 3 ደረሱ። ኦነግ በሰኔ 1984 ዓ.ም. ከመንግሥቱ ወጣ። ኋላ በአማራ ክልል ውስጥ ከሚሴን ዋና ከተማው አድርጎ የተቋቋመው አስተዳደርም በኦሮሞ ብሔረሰብ ስም እንጂ በሃይማኖት ስም አልተሰየመም፤ ልጆቹም በአፋን ኦሮሞ ይማራሉ።