ወለተ ጴጥሮስ፦ ቤተ መንግሥቱን የተቃወመች መነኩሲት

ከቆላ ድባ ወደ ደቡብ፣ ጣና ዳር፣ ጎርጎራ አለች። አፄ ሱስንዮስ በዚያ አካባቢ ቤተ መንግሥት አሳንጸው ነበር። ንጉሡ እ.ኤ.አ. በ1622 የካቶሊክን እምነት በይፋ ሲቀበሉ አገሩ ተናወጠ።

በግልጽ ከተቃወሟቸው አንዷ ወለተ ጴጥሮስ ናት። ባሏ የንጉሡ ሹም ነበር፤ እሷ ግን ትታው መነኮሰች። ሕዝቡ የንጉሡን እምነት እንዳይቀበል እየዞረች በማስተማሯ ተከስሳ ችሎት ቆመች፤ ዠበይ ወደሚባል ስፍራም ተጋዘች። ግዞቱ ዝም አላሰኛትም፤ ተከታዮቿን ሰብስባ ማኅበር አቋቋመች። ሴት በአደባባይ መናገሯ በማይዘወተርበት ዘመን ይህ ታላቅ ድፍረት ነበር።

ብዙ ደም ከፈሰሰ በኋላ፣ በ1632 ሱስንዮስ ሕዝቡ ወደ ቀደመ እምነቱ እንዲመለስ አወጁ። እሷም በጣና ዙሪያ ማኅበራቷን ስትመራ ቆይታ በ1642 ዐረፈች። ገድሏ የተጻፈው ከ30 ዓመት በኋላ፣ በ1672 ነው።