ልማድ በ21 ቀን ይጸናል?

«ልማድ በ21 ቀን ይጸናል» የሚለው እምነት በ1960 እ.ኤ.አ. ከታተመው የማክስዌል ማልትዝ መጽሐፍ የመጣ ነው። ማልትዝ የፕላስቲክ ቀዶ ሐኪም ሲሆን፣ የጻፈውም ታካሚዎች አዲስ መልካቸውን ለመልመድ ቢያንስ 21 ቀን ያህል እንደሚወስድባቸው ነበር፤ ስለ ጥናት ወይም ስለ ሥራ ልማድ የተደረገ ምርምር አይደለም። ፊሊፓ ላሊና ባልደረቦቿ በለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ 96 ሰዎችን ተከታትለው ባወጡት ጥናት ግን አንድ ተግባር ብዙ ሳይታሰብበት የሚከናወን እስኪሆን የፈጀው መካከለኛ ጊዜ 66 ቀን ነው፤ የአንዱ ከሌላው በጣም ስለሚለያይም ግምቱ ከ18 እስከ 254 ቀን ይደርሳል። ይህ ጀማሪን ተስፋ ያስቆርጣል የሚሉ አሉ። በእኔ እምነት ይበልጥ የሚጎዳው የሐሰት ቀነ ገደብ ነው፤ በ22ኛው ቀን ያልተሳካለት ሰው ጥፋቱን በራሱ ላይ ይጥላልና። ደግሞም በጥናቱ አንድ ቀን መዝለል ሂደቱን እምብዛም አላደናቀፈም። ስለዚህ ማስታወሻ መከለስን ልማድ ልታደርጉ የምትሹ ተማሪዎች፣ እንደ እራት ካለ ቋሚ የዕለት ተግባር ጋር አያይዙትና ቢያንስ ሁለት ወር ታገሡት።