15 አምፔር ቦታ ላይ 30 የሚሰካ ሰው ቤቱን ለማቃጠል ነው የሚሰካው

ወገኖች፣ ዛሬ ተናድጄ ነው የምጽፈው። ፊደል ብገድፍ ይቅርታ።

አንድ የአበሻ ቤተሰብ ያገለገለ አርቪ (የሚታደርበት የቤት መኪና) ሊያስጠግን ወደ እኔ ይዞ መጣ። ለክረምቱ እረፍት ገዝተው፣ ልጆቹን ይዘው ሼናንዶዋ ሊያድሩበት ነበር። "መብራቱ እየበራ ይጠፋል" ነው የሚሉት። የጣሪያውን ሽፋን ሳወርድ ሽቦ ከሽቦ በእጅ ተጠምዝዞ በናስትሮ ተጠቅልሏል፤ ናስትሮው ቀልጧል፤ ከጀርባው ያለው ጣውላ ጠቁሯል። ወደ ፊውዝ ሳጥኑ ስሄድ 15 ተብሎ በተጻፈበት ቦታ 30 ተሰክቷል። "ማን ሠራው?" አልኩ። አባወራው ስልኩን አውጥቶ ቪዲዮ አሳየኝ። ቪዲዮው ላይ ያለው ጎረምሳ "12 ቮልት ምንም አያደርግም፣ ፊውዙ ካስቸገራችሁ ከፍ ያለ አስገቡ" ይላል። ብዙ ሺህ ሰው ወዶለታል!

እሺ፣ በተራ ልሂድ። ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ አላስተምርም፣ እሱን የማያውቅ ሽቦ አይንካ።

1. አምፖላችሁን ወደ ኤልኢዲ ቀይሩ፤ በዚህ ክርክር የለም። በድሮ አርቪዎች ጣሪያ ላይ ያለው 1141 የሚባለው አምፖል ወደ 1.4 አምፔር ይበላል። አሥሩን ለ4 ሰዓት ብታበሩ 56 አምፔር ሰዓት ገደማ ሄደ ማለት ነው። ባለ 100 አምፔር ሰዓት ሊድ አሲድ ባትሪ ደግሞ ዕድሜው እንዳያጥር ከግማሽ በታች መውረድ የለበትም። ስለዚህ እራት በልታችሁ ሳትጨርሱ ባትሪው አለቀ። በዚያው ቦታ የሚገባው ኤልኢዲ 0.2 አምፔር አካባቢ ስለሚወስድ ለዚያው ምሽት 8 አምፔር ሰዓት ይበቃዋል። ሶላር ከመጨመራችሁ በፊት አምፖል ቀይሩ፣ በጣም ይረክሳል።

2. ለመኝታና ለሳሎን ከ2700 እስከ 3000 ኬልቪን ግዙ። ነጭ ሰማያዊውን፣ ባለ 6500ውን፣ ለሥጋ ቤት ተዉለት። ዋት ሳይሆን ሉመን እዩ። ኢንተርኔት ላይ የሚጻፈውን ሉመን ደግሞ ሁሉንም አትመኑ።

3. ካርቶኑ ላይ "12 ቮልት" ብቻ የሚል ኤልኢዲ አትግዙ። "ከ10 እስከ 30 ቮልት" የሚለውን ፈልጉ። የአርቪ ባትሪ 12 ላይ ቆሞ አያውቅም። ቻርጅ ሲደረግ 14.4 ይደርሳል። ርካሹ ስትሪፕ ሦስት ሦስት ዳዮድ ከአንዲት ሬዚስተር ጋር ተደርድሮ ነው የሚሠራው። ዳዮዶቹ 9 ቮልት ገደማ ይወስዳሉ፤ የቀረችው 3 ቮልት ሬዚስተሯ ላይ ናት። ቮልቴጁ ከ12 ወደ 14.4 ሲሄድ 20 በመቶ ብቻ ጨመረ ትላላችሁ፤ ሬዚስተሯ ላይ ግን ከ3 ወደ 5.4 ሄደ፤ በውስጧ የሚያልፈው ከረንትም ወደ እጥፍ ተጠጋ። "ኤልኢዲ 50,000 ሰዓት ይሠራል ብለውኝ በአንድ ክረምት ጠፋ" የምትሉት በዚህ ምክንያት ነው።

4. ፊውዝ። እዚህ ላይ ረጋ ብላችሁ አንብቡ።

ፊውዝ የተቀመጠው አምፖሉን ለማዳን አይደለም። ሽቦውን ለማዳን ነው። 14 ቁጥር ሽቦ 15 አምፔር፣ 12 ቁጥር 20፣ 10 ቁጥር 30 (ቁጥሩ ሲያንስ ሽቦው ይወፍራል)። 15 የሚችለው ሽቦ ላይ 30 ስትሰኩ፣ ከረንቱ እጥፍ ሲሆን ሙቀቱ እጥፍ አይደለም፤ አራት እጥፍ ነው። ፊውዙ ግን "ገና ነኝ" ብሎ ዝም ይላል። ያን ጊዜ ፊውዝ ሆኖ የሚያገለግለው ግድግዳችሁ ውስጥ የተቀበረው ሽቦ ነው፤ የሚቃጠለውም እሱ ነው።

"12 ቮልት አይነዝርም" እውነት ነው፣ አይነዝርም። ነገር ግን ኮንታክት ሲፈጠር ባትሪው በመቶዎች የሚቆጠር አምፔር በአንድ ጊዜ ይተፋል። መፍቻ ባትሪ ጫፍ ላይ ወድቆበት ያየ ሰው ይህን ክርክር አይከራከረኝም። ስለዚህ ከባትሪው በቀጥታ ሽቦ ከወሰዳችሁ ፊውዙ ከፖዘቲቩ ጫፍ በስንዝር ርቀት ይግባ፤ መብራቱ ጋ አድርጎ "ፊውዝ አለው" ማለት ራስን ማታለል ነው።

ደግሞስ ኤልኢዲ ካስገባችሁ በኋላ ፊውዝ ለምን ታሳድጋላችሁ? ፍጆታው ወረደ እኮ! የኤልኢዲ ስትሪፕ ሽቦ ብዙ ጊዜ ፀጉር የሚያህል ነው፤ ከ15ቱ መስመር ከቀጠላችሁት መንገድ ላይ ባለ 3 ፊውዝ ጨምሩለት። አባወራው ግን አርቪው ሥር ሳይቀር የሚያበሩ ስትሪፖች ገዝቶ (አንዱ 5 ሜትር ጥቅል ብቻ 72 ዋት፣ ማለትም 6 አምፔር) ሁሉንም በአንድ መስመር ላይ ሰካ። ፊውዙ ሥራውን ሠርቶ ሲቃጠልበት "ደካማ ነው" ብሎ ቀየረው።

ናስትሮውስ? የላላ መገናኛ ይግላል፣ ፊውዝ ደግሞ ይህን አያየውም፤ አምፔሩ ልክ ነዋ። አርቪ ቤት ብቻ አይደለም፣ መንገድ ላይ ሲንቀጠቀጥ የሚውል መኪና ነው። ናስትሮ ይላቀቃል፣ ሞርሴቶ ይላላል። የሚጨመቅ ማያያዣና በሙቀት የሚሸበሸብ ቱቦ ጥቂት ዶላር ነው።

(5 ላይ ነን መሰለኝ) የፊት መብራት። ለሃሎጅን የተሠራ ቤት ውስጥ ኤልኢዲ አምፖል አትክተቱ። አንጸባራቂው የተሰላው ለክሯ ቦታ ነው፤ ብርሃኑ መንገዱን ትቶ ከፊት የሚመጣውን ሰው ዓይን ይመታል። በአሜሪካ ለመንገድ አልተፈቀደም፣ "ለኦፍሮድ ብቻ" የምትለዋን ጥቃቅን ጽሑፍ አንብቡ። ፍሬቻችሁ ከለውጥ በኋላ ቶሎ ቶሎ ካለ ደግሞ ፍላሸሩ "አምፖል ተቃጥሏል" ብሎ አስቦ ነው።

አሁን ወደሚያበሳጨኝ ልምጣ። ቨርጂኒያ በየዓመቱ ኢንስፔክሽን ታስገድዳለች። ፍሬን፣ ጎማ፣ የውጭ መብራት ይታያል፣ ጥሩ ነው። ሰዎች የሚተኙበት ክፍል ሽቦ ግን ማንም አይከፍተውም። በር ላይ የምታዩት የአርቪአይኤ ማኅተም ደግሞ ከአምራቾቹ ከራሳቸው ማኅበር የሚመጣ ነው፤ የሚናገረውም ከፋብሪካ ሲወጣ ስለነበረው ነው። ከዚያ በኋላ ሦስት ባለቤት ቢነካካው ማኅተሙ እንደተለጠፈ አለ! ይህን አርቪ የሸጠላቸው ነጋዴ "ባለ 120 ነጥብ ምርመራ" የሚል ወረቀት ሰጥቷቸዋል። ወረቀቱን አየሁት፤ "መብራት" የሚለው ላይ ምልክት አለ። ማብሪያውን ጠቅ አድርጎ በራ፣ አለቀ። 30ው ከሽያጩ በፊት ተሰክቶ ቢሆን እንኳ አያየውም ነበር፤ አንድ ፊውዝ ነቅሎ ማየት ግን ከደቂቃ በላይ አይፈጅም።

በዚያ ጎረምሳ ቪዲዮ ሥር ጻፍኩለት፣ አጠፋው። አስተያየቴን ማለቴ ነው፤ ቪዲዮውማ አለ።

አርቪ ያላችሁ ዛሬውኑ የፊውዝ ሳጥኑን ክፈቱ። ክዳኑ ላይ የተጻፈውንና የተሰካውን ቁጥር አወዳድሩ። የተሰካው ከበለጠ ባትሪውን ንቀሉና ፎቶ አንስታችሁ ላኩልኝ፤ እስካይላችሁ ድረስ ማንም እዚያ ውስጥ አይተኛ።