ስለ ዘጋቢ ፊልም ልዩ ልዩ የምስክርነት ሥልት

ጆናታን ዲምብልቢ የተባለው እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ በወሎ ሕዝብ ላይ የወረደውን የራብ መቅሠፍት በፊልም አንሥቶ በ1966 ዓ.ም. በጥቅምት ወር ለአገሩ ተመልካች በቴሌቪዥን ባቀረበው ጊዜ፣ ዓላማው ተሰውሮ የቆየውን እልቂት ለዓለም መግለጥና ለተራቡት ርዳታ ማስገኘት ነበር። ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው፣ በ1967 ዓ.ም. በዕለተ ዕንቍጣጣሽ ማታ፣ ደርግ ይህንኑ ፊልም ከቤተ መንግሥት የድግስ ትርኢት ጋራ እያፈራረቀ አቀናብሮ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን አሳየ፤ በማግሥቱም ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋናቸው ወረዱ። በሁለቱም ፊልም የሚታዩት ራብተኞች እነዚያው ናቸው፤ ነገር ግን በሥዕሎቹ መካከል ሌላ ሥዕል በመግባቱ፣ በመጀመሪያው የምሕረት ልመና የነበረው በሁለተኛው የክስ መዝገብ ሆነ። ዘጋቢ ፊልም የእውነት ምስክር ነው እየተባለ በሚነገርበት በዚህ ዘመን፣ እያንዳንዱ ሥልት ቃሉን የሚሰጠው በማን አንደበት እንደ ሆነ ለይቶ ማወቅ ለተመልካች የሚገባ መስሎ ስለሚታየኝ፣ ከብዙዎቹ ሥልቶች ጥቂቱን አነጻጽሬ ላቀርብ እወዳለሁ።

በእኛ ተመልካች ዘንድ ከሁሉ ይልቅ የተለመደው የተራኪ ድምፅ ያለበት ሥልት ነው። ሥዕሉ በፊታችን ሲያልፍ፣ መልኩን የማናየው ሰው ምን እንደምናይና ምን ብለን እንደምንረዳው ይነግረናል። ይህን ሥልት በእንግሊዝ አገር ካጸኑት ሰዎች ዋነኛው ስኮትላንዳዊው ጆን ግሪርሰን ነበር፤ እርሱም ሲኒማን እንደ ስብከት ሰገነት እንደሚመለከተው በግልጥ የተናገረ ሰው ነው። የእርሱ ማኅበርተኞች እ.ኤ.አ. በ1936 ያወጡት «የሌሊት ፖስታ» የተባለው ፊልም ከለንደን ወደ ስኮትላንድ የሚገሠግሠውን የፖስታ ባቡር ያሳያል። በውስጡ ደብዳቤ ሲለዩ የሚታዩት ሰዎች እውነተኛ የፖስታ ሠራተኞች ናቸው፤ ሠረገላው ግን በስቱዲዮ የተሠራ ስለ ነበረ፣ ባቡሩ የሚያነቃንቃቸው መስለው እንዲወዛወዙ ታዘው ነበር። ይህን እንደ ማታለል ልቈጥረው አልፈቅድም፤ የዘመኑ ካሜራና የድምፅ መሣሪያ ክብደቱ ብርቱ ነበር፤ የሠራተኞቹም ትጋት እውነተኛ ትጋት ነው። እንዲህ ያለው ማዘጋጀት አዲስ አልነበረም፤ ከእነርሱ አስቀድሞ አሜሪካዊው ሮበርት ፍላኸርቲ እ.ኤ.አ. በ1922 «ናኑክ» በተባለው ፊልሙ የሰሜን ካናዳን የኢኑይት ሕዝብ ኑሮ ሲያሳይ፣ ጠመንጃ የለመዱትን አዳኞች እንደ አባቶቻቸው በጦር እንዲያድኑ አድርጓል፤ ብርሃን እንዲገባለትም የበረዶውን ጎጆ አንድ ወገን ክፍት አስቀርቷል።

እኔን የሚያሳስበኝ ግን የተራኪው ሥልጣን ነው። በትርጓሜ ቤት መምህሩ አንዱን ኃይለ ቃል አንሥቶ «አንድም» እያለ ሁለት ሦስት ምሥጢር ሲያወርድለት፣ ንባቡ በደቀ መዝሙሩ ፊት ሳይነካ ይቈያል፤ ተራኪ ያለበት ፊልም ግን አንዱን ትርጓሜ ብቻ ከሥዕሉ ጋራ ሰፍቶ ስለሚያቀርብ፣ ንባቡ የት አልቆ ትርጓሜው ከየት እንደሚጀምር ተመልካቹ አይለየውም። የወሎው ፊልም በአንድ ዓመት ውስጥ ለሁለት ዓላማ ያገለገለውም በዚሁ የተነሣ ይመስለኛል።

ከዚህ ሥልጣን ለመሸሽ የፈለጉ አሜሪካውያን እ.ኤ.አ. በ1960 ሌላ መንገድ አወጡ። በትከሻ የሚያዝ ቀላል ካሜራና ከእርሱ ጋራ እኩል የሚሄድ የድምፅ መቅጃ በእጃቸው ስለ ገባ፣ ሮበርት ድሩና ባልደረቦቹ ጆን ኬኔዲና ሂዩበርት ሃምፍሪ በዊስኮንሲን ግዛት ለፕሬዚዳንትነት ዕጩ ለመሆን ሲወዳደሩ እየተከተሉ፣ ሳይጠይቁና ሳያዝዙ ያዩትን አነሡ። ይህን ሥልት ወደ ጥግ ያደረሰው ቀድሞ የሕግ ሰው የነበረው ፍሬድሪክ ዋይዝማን ነው። በፊልሞቹ ተራኪ የለም፤ ቃለ መጠይቅ የለም፤ ከውጭ የተጨመረ ሙዚቃም የለም። በማሳቹሴትስ ግዛት አእምሯቸው የታወከ እስረኞች በሚጠበቁበት ሆስፒታል ውስጥ አንሥቶ እ.ኤ.አ. በ1967 ያወጣው ፊልም፣ ጠባቂዎች በእስረኞቹ ላይ ሲሣለቁና ራቁታቸውን ሲያመላልሷቸው ስላሳየ፣ የግዛቱ ፍርድ ቤት የእስረኞቹን ገመና ለመጠበቅ ነው ሲል ለሕዝብ እንዳይታይ ከለከለው፤ ክልከላውም እስከ 1991 እ.ኤ.አ. ቈየ። ዋይዝማን ግዛቱ የሸፈነው የራሱን ነውር ነው ብሎ ተከራክሯል፤ ፊልሙን ላየ ሰው ክርክሩ እውነትነት አለው። ሆኖም የፍርድ ቤቱም ጥያቄ ባዶ አልነበረም፤ ዝም ብሎ የሚመለከት ካሜራ ፊት የቆመ ምስኪን ስለ ራሱ የሚናገርበት ስፍራ ስለማይሰጠው፣ መከራውም ዝምታውም የሌላ ሰው ንብረት ይሆናል። ደግሞም ተራኪው ቢጠፋ፣ ከብዙ ሰዓት ፊልም መርጦና ቈርጦ ያስቀረው ሰው አልጠፋም።

በዚያው እ.ኤ.አ. በ1960 በጋ ዣን ሩሽና ኤድጋር ሞረን በፓሪስ ከተማ የሠሩት «የአንድ በጋ ዜና መዋዕል» ከሁለቱም የራቀ ነው። ሩሽ በምዕራብ አፍሪቃ፣ ይልቁንም በኒጀር፣ የሕዝብን ባህል ሲያጠና የኖረ ሰው ነበር፤ ሞረንም የማኅበራዊ ኑሮ ሊቅ ነው። ሰዎችን በመንገድ እያስቆሙ ደስተኞች እንደ ሆኑ አስጠየቁ፤ ራሳቸውም ከካሜራው ፊት ገብተው ተከራከሩ፤ ካሜራው መኖሩንም አልሸሸጉም። ከሁሉ የሚደነቀው ግን መጨረሻው ነው፤ የተነሡትን ሰዎች ሰብስበው ፊልሙን አሳዩአቸውና የሰጡትን ፍርድ ደግሞ አነሡት። አንዳንዶቹ የሌላውን ሰው ቃል ኀፍረት የለሽ ነው አሉ፤ ሌሎቹ የተቀነባበረ ነው አሉ፤ ይህ ነቀፌታ ሁሉ በፊልሙ ውስጥ ገብቶ ይታያል። በእኔ አስተያየት ከተነጻጸሩት ሥልቶች ሁሉ ይህ የበለጠ ፍትሐዊ ነው፤ ምክንያቱም የተመሰከረበት ሰው ምስክሩን መልሶ የመመርመር መብት ያገኘበት ነው።

ከእኛም ወገን ፕሮፌሰር ኃይሌ ገሪማ እ.ኤ.አ. በ1999 ያወጣው የዓድዋ ፊልም በዚህ አንጻር ሊታሰብ ይገባዋል። የሉሚየር ወንድማማቾች ተንቀሳቃሽ ሥዕልን በፓሪስ ለሕዝብ ያሳዩት በታኅሣሥ 1888 ዓ.ም. ሲሆን፣ የዓድዋ ድል ደግሞ የዚያው ዓመት የካቲት 23 ቀን ነው፤ ስለዚህ ኃይሌ የሚያሳየው የጦርነት ፊልም አልነበረውም። እርሱም የሽማግሎችን ቃል፣ የሕዝቡን ዘፈንና የሠዓሊዎችን ሥራ አሰባስቦ፣ በራሱ ድምፅ፣ የማን ልጅ ሆኖ እንደሚናገር ሳይሸሽግ ተረከው። ተራኪ መኖሩ በራሱ ጥፋት እንዳልሆነ ከዚህ መረዳት ይቻላል፤ ሰው ሆኖ የሚናገር ተራኪ ሊጠየቅ ይችላልና።

ዛሬ በየአገሩ ሸለቆና በየከተማው ካሜራ ይዛችሁ የምትዘዋወሩ የአገሬ ወጣቶች ሆይ፣ ገበሬውን፣ መነኩሴውን፣ ከስደት የተመለሰችውን እኅታችሁን ባነሣችሁ ጊዜ፣ ፊልሙን ለሕዝብ ከማቅረባችሁ አስቀድሞ ለእነርሱ አሳዩአቸው፤ የሚሰጡትንም ቃል፣ ነቀፌታ እንኳ ቢሆን፣ ሳትቈርጡ በፊልሙ ውስጥ አስገቡት።