ኬትልቤል ወይስ ሌላ ክብደት? ለቤት ውስጥ ስፖርት ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት

ዕድሜያቸው ከ60 ያለፈ ብዙ ወላጆች ከሐኪም ዘንድ «ጡንቻዎን ያጠናክሩ» የሚል ምክር ይዘው ይመለሳሉ። በእግር መሄድ ለልብ ጥሩ ነው፤ ለጡንቻ ግን ብቻውን አይበቃም። የዓለም ጤና ድርጅት አዋቂዎች በሳምንት ቢያንስ 2 ቀን ጡንቻ የሚያጠነክር እንቅስቃሴ እንዲያደርጉ ይመክራል። ለ65 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆኑት ደግሞ ከመውደቅ የሚጠብቅ የሰውነት ሚዛን ልምምድ በሳምንት 3 ቀን ይጨምርበታል። ጡንቻ ሥራ ካጣ ይከሳል። ያኔ ወንበር ሳይደገፉ መነሳት፣ የገበያ ዕቃ ይዞ ሊፍት የሌለውን ሕንፃ መውጣት ይከብዳል።

ሄደር ኮሸር መሄድ የማይመቸው ሰው ዕቃውን ቤቱ ማስገባት ይፈልጋል። ልጆችም በስልክ ያዩትን ኬትልቤል ገዝተው ለእናታቸው ያመጣሉ። ሐሳቡ መልካም ነው። ችግሩ ዕቃው የሚመረጠው በልጁ ጉልበት መሆኑ ነው፤ 16 ኪሎው ብረት በር መደገፊያ ሆኖ ይቀራል።

ኬትልቤል ሆዱ ክብ፣ እጀታው ከላይ የሆነ ብረት ነው። የመጣው ከሩሲያ ሲሆን እዚያ «ጊሪያ» ይሉታል። ፑድ የሚባለው የድሮ የሩሲያ መለኪያ 16 ኪሎ ግድም ነው፤ 16፣ 24 እና 32 ኪሎ የተለመዱትም ከዚያ የተነሳ ነው። ዛሬ ቀለል ያሉም አሉ፤ ሆኖም ብዙውን ጊዜ የሚሸጠው በ4 ኪሎ እየዘለለ ነው። ከ8 ወደ 12 መሄድ ማለት በያዙት ላይ ግማሹን መጨመር ነው። ለወጣት ምንም አይደለም። ለ68 ዓመት እናት ግን ደረጃ መውጣት ሳይሆን አጥር መዝለል ነው።

ኬትልቤል የሚመቸው ከመሬት ለማንሳትና ይዞ ለመራመድ ነው። ጀሪካን ሲያነሱ የኖሩ ሰዎች እንቅስቃሴውን ያውቁታል። በቪዲዮ የሚታየው በእግር መሃል እያወዛወዙ ወደ ላይ መወርወሩ ግን ሌላ ነገር ነው። ፍጥነት አለው፤ ዳሌን ሳይሆን ወገብን የሚያጥፍ ሰው ይጎዳበታል። ይህን አጠገብ ቆሞ የሚያርም አሠልጣኝ ሳይኖር ባይጀምሩት ይሻላል።

ዳምቤል ክብደቱ ከእጅ ግራና ቀኝ እኩል ስለሚቀመጥ ለእጅ አንጓ ይቀላል። ለጀማሪ ሽማግሌ ወይም እናት እኔ የምመርጠው ሳህኑ እየተጨመረ የሚከብደውን ጥንድ ነው። 1.25 ኪሎ የሆኑ ሁለት ሳህኖች ግራና ቀኝ ሲገቡ ጭማሪው 2.5 ኪሎ ብቻ ነው፤ ከዚያ ያነሱ ሳህኖችም ይገኛሉ። ሲገዙ መቆለፊያው ጥብቅ መሆኑን ይመልከቱ፤ ልል ከሆነ ሳህኑ እግር ላይ ይወድቃል። የላስቲክ ማሰሪያም ርካሽና ቀላል ነው። በፀሐይና በጊዜ ብዛት ስለሚሰነጠቅ ግን ከመሳብዎ በፊት በየጊዜው ይፈትሹት።

ገንዘብ ሳያወጡ መሞከርም ይቻላል። 1.5 ሊትር ውኃ የሞላ ጠርሙስ 1.5 ኪሎ ያህል ነው። ግድግዳ ላይ በተደገፈ ጠንካራ ወንበር እየተቀመጡ መነሳትም ራሱ የእግር ክብደት ሥራ ነው። ይህን ለጥቂት ሳምንታት ሳያቋርጡ ከሠሩ፣ ያኔ ይግዙ።

ሱቅ ውስጥ ዕቃውን አንስተው ይሞክሩት። ከ8 እስከ 12 ጊዜ አንስተው የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ከከበዱዎት፣ አነሳስዎ ግን ካልተበላሸ ልክዎ ነው። 15 ጊዜ ያለ ድካም ከሄደ ቀሏል። ትንፋሽ አምቀው አያንሱ፤ የደም ግፊት ከፍ ያደርጋል። ግፊት፣ የአጥንት መሳሳት ወይም የትከሻ ሕመም ያለበት ሰው አስቀድሞ በኩፓት ሆሊም ሐኪሙን ወይም ፊዚዮቴራፒስት ይጠይቅ። በፕላስቲክ የተሸፈኑ ርካሽ ኬትልቤሎች ውስጣቸው አሸዋ ወይም ሲሚንቶ ሊሆን ይችላል፤ ለዚህም ነው ወፈር የሚሉት። ዋጋ ሲያወዳድሩ የማድረሻውን ጨምረው ለኪሎ ያካፍሉት።

በስልክ ወይም በኢንተርኔት ከገዙ፣ ዕቃው ከደረሰዎት ጀምሮ በ14 ቀን ውስጥ ግዢውን መሰረዝ ይችላሉ። ዕድሜዎ 65 ከሞላ፣ አካል ጉዳተኛ ከሆኑ፣ ወይም የአዲስ ገቢነት ምስክር ወረቀት ከተሰጠዎት 5 ዓመት ካልሞላ ደግሞ ሕጉ 4 ወር ይሰጥዎታል፤ ይህ ግን ከሻጩ ጋር በቃል ወይም በመልእክት ንግግር ተደርጎ ከሆነ ነው። ዕቃው እንከን ከሌለው ሻጩ ለስረዛ ሊቀንስብዎ የሚችለው ከዋጋው 5 በመቶ ወይም 100 ሸቀል ነው፤ ከሁለቱ ያነሰውን። እንከን የሌለበትን ዕቃ ወደ ሻጩ የሚመልሱት ግን በራስዎ ወጪ ነው፤ 40 ኪሎ ብረት ደግሞ በፖስታ ቀላል አይደለም። ስለዚህ ካርድዎን ከመስጠትዎ በፊት መመለሻው የት እንደሆነ ይጠይቁ፤ የስረዛውንም ማስታወቂያ በጽሑፍ ልከው ቅጂውን ያስቀምጡ።