ጥቅምት ሲገባ ወደ ፎገራ ሜዳ የሚወርዱት እንግዶች

የመስከረም ወር ሲጋመስ የርብና የጉማራ ወንዞች ሙላት ጋብ ይላል። ክረምቱን በውኃ ተውጦ የከረመው የፎገራ ሜዳም ከዳር ወደ መሃል እየጠነፈፈ፣ ሣሩ እየለመለመ፣ ከብቱም ተመልሶ እየተሰማራበት ይሄዳል። በዚህ ጊዜ በከብቱ እግር ሥር ጅራታቸውን ሳያቋርጡ የሚነቀንቁ ትንንሽ ቢጫ ወፎች ይታያሉ። ከእረኞች በቀር ልብ የሚላቸው ሰው ጥቂት ነው። ወፎቹ የከብቱ ኮቴ ከሣሩ ውስጥ የሚያስነሣውን ዝንብና ፌንጣ እየለቀሙ ውለው፣ ሲመሽ ወደ ቄጠማውና ወደ ደንገሉ ይገባሉ። የተፈለፈሉት ግን በፎገራ አይደለም፤ በአውሮፓና በእስያ ሜዳዎች ላይ ነው።

«የመስቀል ወፍ» የሚለው አባባል ብቅ ብሎ ለሚጠፋ ሰው የሚነገር ቢሆንም፣ በመስከረም ለሚመጡት ለእነዚህ እንግዶች ግን አይስማማም። እነርሱ መጥተው አምስትና ስድስት ወር ይቀመጣሉ። ከመካከላቸው የገበሬውን ማሳ የሚነካው፣ ስለዚህም የገበሬ ማኅበር መሪዎች ለይተው ሊያውቁት የሚገባው፣ በጥቅምትና በኅዳር የሚደርሰው ግራጫው ሽመላ ነው።

ሽመላ የሚለው ስም ብዙ ጊዜ ረጅም እግር ላላቸው ልዩ ልዩ ወፎች ስለሚሰጥ፣ መጀመሪያ ማንነቱን መለየት ያስፈልጋል። ግራጫው ሽመላ ቁመቱ ከአንድ ሜትር ያልፋል፤ ክንፉ ሲዘረጋ ሁለት ሜትር ያህል ይሆናል። አንገቱ ጥቁር ሆኖ ከዓይኑ ጀምሮ ነጭ መስመር ይወርድበታል፤ አናቱ ላይም ቀይ ምልክት አለው። ሲበር አንገቱን ወደ ፊት አቅንቶ፣ ከጓደኞቹ ጋር እንደ ቀስት ጫፍ ተሰልፎ ነው፤ ጩኸቱም እንደ መለከት ከሩቅ ይሰማል። በራሱ ላይ ወርቃማ ዘውድ ያለው ጥቁር ወፍ ሌላ ነው። እርሱ የአገሬው ነዋሪ ሲሆን ጎጆውን የሚሠራው በክረምት እዚያው ረግረጉ ላይ ነው። ነጭና ጥቁር ሆኖ ምንቃሩና እግሩ ቀይ የሆነው ደግሞ ከአውሮፓ የሚመጣ ሌላ እንግዳ ሲሆን፣ አንበጣና ተምች ስለሚበላ ገበሬው ሊከፋው አይገባም።

በኢስቶኒያና በፊንላንድ የሳተላይት መከታተያ የተደረገላቸው ግራጫ ሽመላዎች ኢትዮጵያ ድረስ መምጣታቸው ታውቋል። ይህም ከ5 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ የሆነ ጉዞ ነው። ወላጆች በዚያው ዓመት የተፈለፈሉትን አንድ ወይም ሁለት ልጆቻቸውን አስከትለው ይመጣሉ፤ ልጆቹ መንገዱን የሚማሩት በዚህ ዓይነት ነው። ልብ ብሎ የሚመለከት ሰው በሜዳው ላይ ሦስት ወይም አራት ሆነው ተለይተው የሚለቅሙትን ቤተሰቦች ያያል፤ የልጆቹ ራስ ገና ቡናማ ነው።

የገበሬ ማኅበር መሪ ወፍ የሚቆጥርበት ጊዜ የለውም ይባል ይሆናል። የማዳበሪያው ጉዳይ፣ የድንበር ክርክሩና ስብሰባው እንደሚበቃው የታወቀ ነው። ሆኖም «ወፍ ዘሬን ለቀመብኝ» የሚል አቤቱታ ሲቀርብለት፣ የትኛው ወፍ፣ በየትኛው ማሳ፣ በየትኛው ሰዓት ብሎ መጠየቅ የእርሱ ሥራ ነው። በቆላው ማሽላ ላይ እንደ ደመና የሚወርደው ግሪሳ በቀን 10 ግራም ያህል እህል የሚበላና ዝናቡን ተከትሎ በአፍሪካ ውስጥ የሚዘዋወር ትንሽ ወፍ ነው። የእርሱ መከላከያና የሽመላው መከላከያ አንድ ሊሆን አይችልም።

በፎገራ ነገሩን የሚያከብደው የአዝመራው አቆጣጠር ነው። ሩዝ በአካባቢው ተስፋፍቶ የሜዳው ዋና ሰብል ከሆነ ወዲህ፣ ገበሬው ሩዙን በኅዳርና በታኅሣሥ ሲያጭድ በቀረው እርጥበት ጓያና ሽምብራ ያበቅላል። ጓያውን ሩዙ ሳይታጨድ በመሃሉ የሚበትነውም ብዙ ነው። ሽመላዎቹ ተርበው የሚደርሱት በዚሁ ጊዜ ነው። ሽመላ ዙሪያውን እያየ መልቀም ስለሚወድ ረጅም ሰብል ውስጥ መግባት አይመርጥም፤ ሩዙ ታጭዶ ሜዳው ሲገለጥ ግን የወደቀውን ፍሬ ለመልቀም ይወርዳል። የወደቀ ሩዝ ሲለቅም የሚጎዳው ሰው የለም። ወደ አዲስ ዘር ሲሻገር ነው ጠቡ የሚጀመረው።

ተመሳሳይ ችግር በሽመላዎቹ መንገድ ላይ ባለችው በእስራኤል በሁላ ሸለቆ ደርሷል። በዚያ የሚገኙ ገበሬዎች በኦቾሎኒና በሽምብራ ማሳቸው ላይ በደረሰው ጉዳት ተማርረው ነበር። በመጨረሻም ከተፈጥሮ ጥበቃ ድርጅቶች ጋር ተስማምተው፣ ለሽመላዎቹ በአንድ በተለየ ቦታ በቆሎ እየተበተነላቸው ከሌላው ማሳ እንዲባረሩ አደረጉ። የፎገራ ገበሬ ለወፍ የሚበትነው በቆሎ እንደሌለው ማንም ያውቃል። ነገር ግን የታጨደው ሩዝ ማሳ ሁሉ በአንድ ጊዜ ተገልብጦ ካልታረሰ፣ ወፉ የሚለቅመው ከዚያው ይገኛል። ጥበቃውንም አዲስ በተዘራው ማሳ ላይ ብቻ ማድረግ ይቻላል። ልጆችን በሜዳው ሁሉ በትኖ ከማስጮህ ይልቅ ይህ ድካም ይቀንሳል። ዘርን በመርዝ አሽቶ መበተን ግን ዶሮውንም፣ ከብቱንም፣ ጥንብ አንሣውንም የሚገድል ስለሆነ በምንም መንገድ ሊፈቀድ አይገባም።

ለመመልከት ሁለት ሰዓቶች ይበቃሉ፤ ጎሕ ሲቀድና ፀሐይ ስትጠልቅ። ሽመላ ሌሊቱን የሚያሳልፈው ጥልቀት በሌለው ውኃ ውስጥ ቆሞ ነው፤ ጅብም ሆነ ቀበሮ ውኃውን ሳያንቦራጭቅ ሊቀርበው አይችልም። በመሆኑም ወደ ማደሪያው ሲመለስ ከፍ ካለ ቦታ ሆኖ አሥር አሥር እያደረጉ መቁጠር ይቀላል። ወፎቹ መልቀም ትተው አንገታቸውን ሁሉም ቀጥ ካደረጉ ተመልካቹ ከሚገባው በላይ ተጠግቷል ማለት ነው። ቀኑን፣ ቁጥሩን፣ የወጡበትንና የወረዱበትን ማሳ በደብተር ማስፈር ነው። ማንበብና መጻፍ የሚችል አንድ ተማሪ ይህን ከአንድ እረኛ ጋር ሆኖ ሊሠራው ይችላል፤ እረኛው ዓይን አለው፣ ተማሪው እርሳስ አለው።

ከማደሪያው ጋር የተያያዘው ጉዳይ ግን ከዘር ጥበቃው የከበደ ነው። በፎገራ ሜዳ ያሉት የሸሸርና የወላላ ረግረጎች ሽመላዎች የሚያድሩባቸው፣ አምባዛ ዓሣም በክረምት ሙላት ከጣና እየወጣ የሚራባባቸው ቦታዎች ናቸው። ውኃቸው ለመስኖ እየተሳበ፣ ዳራቸውም እየታረሰ እየጠበቡ መጥተዋል። በዚያ ውኃ ሽንኩርት አልምቶ ልጁን የሚያስተምረውን ገበሬ ጥፋተኛ ማለት ቀላል አይደለም። ግን ረግረጉ ሲደርቅ ዓሣ አጥማጁ ይጎዳል፤ በወተቱ የታወቀው የፎገራ ከብትም የበጋ ግጦሹን ያጣል። ሽመላውም ቢሆን ወዲያው አይጠፋም፤ በቀረችው ትንሽ ውኃ ላይ ተጨናንቆ፣ በአጠገቧ ያለውን አንድ ማሳ ብቻ ደጋግሞ ይወርድበታል። ዱሮ በብዙ ሰው ላይ የተከፋፈለው ጉዳት በአንድ ገበሬ ላይ የሚወድቀው እንዲህ ነው። የጣና ሐይቅ አካባቢ በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ክልል ሆኖ ተመዝግቧል። የትኛው ረግረግ ለወል ግጦሽ ይቆይ፣ የትኛው ይታረስ የሚለው ክርክር ግን የሚነሣው በቀበሌው ስብሰባ ላይ ነው፤ የሦስትና የአራት ዓመት የደብተር ቁጥር የያዘ መሪ በዚያ ስብሰባ ላይ ባዶ እጁን አይቀመጥም።

መጨናነቅ ሌላም አደጋ አለው። በ2014 ዓ.ም. በታኅሣሥ ወር በሁላ ሸለቆ የወፍ ጉንፋን ተነሥቶ ከ5 ሺህ በላይ ግራጫ ሽመላዎች አልቀዋል። በሽታው የቤት ዶሮንም ይገድላል፤ አንዳንድ ጊዜም ወደ ሰው ይተላለፋል። ስለዚህ በረግረጉ ዳር ብዙ ወፎች ሞተው ሲገኙ ልጆች እንዳይነኳቸው፣ ለምግብም ሆነ ለላባ ወደ ቤት እንዳይወሰዱ አድርጎ፣ በዚያው ቀን ለእንስሳት ጤና ባለሙያ ማስታወቅ ያስፈልጋል።

በየካቲት የቀትሩ ሙቀት ሲበረታ ሽመላዎቹ በሞቃቱ አየር ላይ ክብ እየሠሩ፣ ክንፋቸውን ሳያራግቡ ከፍ ከፍ ይላሉ፤ ከዚያም ሰልፋቸውን ይዘው ወደ ሰሜን ያቀናሉ። ቢጫዎቹ ትንንሽ ወፎችም ከከብቱ እግር ሥር ይጠፋሉ። በደብተሩ የመጨረሻ መስመር ላይ የሚጻፈው የመጨረሻው መንጋ የታየበት ቀን ነው፤ ከጎኑም በዚያ ዓመት የተጎዳው ማሳ ስንት ጥማድ እንደነበረ።